የእትዬ ፍሬን

እህቴ መኪናዋን መጀመሪያ ያየቻት ዕለት ክራንቿን ተደግፋ ዙሪያዋን ዞረች። የግራውን በር ከፍታ ስትለቀው ከማጠፊያው ተላቆ ተንጠለጠለ። ወደ እኔ ዞረች።

"ይቺን ገዝተህ ነው ወይስ ሰው ጥሎብህ ሄዶ?"

"ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ እትዬ።"

"የሞተ ሰውም ጥርሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።"

ሁለት በር ያላት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ ስትሠራም ርካሽ እንድትሆን ብቻ የታሰበች ትንሽ መኪና ናት። የመረጥኳት አዝኜላት አይደለም። ክብደቷ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ ነው፤ መሪዋ በሁለት ጣት ይዞራል፤ ፍሬኗን አንዲት የስድሳ ዓመት ሴት በእጇ ገፍታ ልትይዘው ትችላለች። የመሪውንና የፍሬኑን ጉልበት ከመግዛቴ በፊት በተንጠልጣይ የዓሣ ሚዛን ስቤ ለክቻለሁ። ሻጩ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ፣ "ጌታዬ፣ በኪሎ አይደለም የምሸጣት" አለኝ።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከወገብ ቀዶ ጥገናዋ በኋላ ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሱቋ ከቤቷ ከተማውን አቋርጦ ነው፤ የአውቶቡሱን ደረጃ መውጣት አትችልም። አንድ ሰሞን ጎረቤት ያደርሳት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤትየው ሰዓቱን አይቶ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰማችውና በማግስቱ ሱቁን ዘጋችው። "የሰው ፊት እያየሁ መርፌ አልይዝም" አለች። የሱቁ ውል ሊያልቅ አምስት ወር ሲቀረው መኪናዋን አመጣሁ። የተስማማነው እንዲህ ነበር፤ መኪናዋ ተለውጣ ምርመራ ካለፈች ውሉን ታድሳለች፣ ካላለፈች ቁልፉን ለአከራዩ ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሆን አልተነጋገርንም። ከሱቁ ውጭ እሷን አላውቃትም፤ እሷም ራሷን የምታውቅ አይመስለኝም።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። የፈታሁትን ብሎን ሁሉ በናሙና ብልቃጥ እየከተትኩ፣ ቀኑንና የወጣበትን ቦታ ጻፍኩበት። የምንሠራበትን ግቢ ያከራየን በያጅ አንዱን ብልቃጥ አንስቶ ወደ ፀሐይ ያዘው።

"ዶክተር፣ ይሄ ሽንት ነው ወይስ ብሎን?"

"የግራ ፊት በር ማጠፊያ፣ የላይኛው። ዶክተርም አይደለሁም።"

"ውጤቱ መቼ ይደርሳል?"

የበሰበሰውን ወለል ቆርጠን አዲስ ላሜራ ለበጥንበት። እሱ ይበይዳል፣ እኔ እሞርዳለሁ። ወንበሮቹን እትዬ ራሷ በሸራ አለበሰቻቸው፤ የሹፌሩን የቀኝ ጎን ወፍራም አድርጋ ሞላችው፣ ዳሌዋ እንዳይንሸራተት። ቀለሙንም እሷ መረጠች፤ ብርቱካናማ። "ሲገጩኝ አላየናትም እንዳይሉ ነው" አለች።

ዋናው ሥራ ግን እጀታው ነበር። ከመሪው በስተግራ የቆመ የብረት እጀታ ነው፤ ወደፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ደረት ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል። ፍሪሲዮኑን ጤነኛው ግራ እግሯ ይረግጣል። እጀታውን ከፍሬኑ ፔዳል ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉን ልክ የወሰድነው እኔ ከመሪው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔ ፔዳሉ ላይ ያዝኩ፤ ሌላውን እሷ እጀታው ላይ ይዛ ታነባለች።

"ስንት ነው፣ እትዬ?"

"ሃምሳ ሁለት።"

ደብተሬ ላይ ሃምሳ ሁለት ነጥብ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።

በያጁ፣ "ጫፉ ላይ የብሎን ጥርስ እናውጣለት፤ ቢረዝምም ቢያጥርም ያኔ ይስተካከላል" አለ።

"ልኩ እኮ ታውቋል። ምን ይስተካከላል?"

"እሺ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።"

ሁለቱን ጫፎች ጠፍጥፎ በሳቸው። ዘንጉን ስገጥመው ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ደብተሩን አየሁ፤ ዘንጉን ለካሁ፤ ሃምሳ ሁለት ነው። ዓይኔን ትቼ ቁጥሩን አመንኩ። ከኋላ የፍሬኑ መብራት አልጠፋ ሲልም ጥፋቱን ፔዳሉ አጠገብ ባለው ማብሪያ ላይ አደረግኩና ማብሪያውን ወደ ፔዳሉ ጠጋ አድርጌ አሰርኩት። መብራቱ ጠፋ። ይህን ያደረገ ተማሪ ላቦራቶሪዬ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ካፖርቱን አስወልቄ አባርረው ነበር።

እትዬ ሁለት ወር በበያጁ ግቢ ውስጥ ተለማመደች። ግቢው ጠባብ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ነድታ ትቆማለች። ምርመራው ሐሙስ ጠዋት ተቀጠረ። ውሉ የሚያልቀው ቅዳሜ ነበር፤ ሌላ ቀጠሮ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በፊት የለም። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ ወጣን። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

"እትዬ፣ ዳር ያዢ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ያዢ።"

ወርጄ የፊቱን ቸርኬ በእጄ ጀርባ ነካሁና ቶሎ አነሳሁት። ሁለቱም ትኩስ ነበሩ። የኋላዎቹ ደግሞ ለብ ብለዋል። አንድ ጎን ብቻ ቢሆን የአንድ ጎማ ችግር ነው፤ አራቱም ከሆኑ ግን ችግሩ ሁሉም የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ሲበርድላት ቀስ ብለን ተመለስን። የመኪናዋን ፊት በክሪክ አንስተን ጎማውን በእጅ ብናዞረው አልዞር አለ። ዘንጉን ከፔዳሉ ፈታሁት፤ ጎማው እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። ዘንጉን ለካሁ፤ ሃምሳ ሁለት። ከዚያ የራሴን የብረት ሜትር ይዤ ከመሪው ሥር ገባሁና ክፍተቱን ብቻዬን ለካሁ። ሃምሳ ነጥብ አምስት። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

"እትዬ፣ ያን ቀን ስንት ብለሽኝ ነበር?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"ሃምሳ ከግማሽ ነው እኮ።"

"አዎ፣ ሃምሳ ከግማሽ። የስፌቱ አንድ ተኩል ሲጨመርበት ሃምሳ ሁለት።"

ከዚያ በያጁ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምን ያስቅሃል አንተ?" አለች እትዬ። "አርባ ዓመት ሙሉ ልክ ስጠራ ለቆራጭ ነው የምጠራው። ቆራጭ ስፌቱን ልጨምር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ተጨምሮ ነው የሚጠራለት!"

"ብረት ይሰፋል እንዴ፣ እትዬ?" አለ በያጁ እንባውን እየጠረገ።

"አንተ አይደለህ ስትሰፋው የከረምከው?"

እኔም ስለ ማብሪያው ነገርኳቸው። ምልክቱ ፊቴ ቆሞ እያለ አፉን እንደዘጋሁት አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። እትዬ ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲህ አድርገህ ነው የሰው ደም ስትመረምር የኖርከው?"



በያጁ ተነሳና ዘንጉን አነሳ። "አትጨነቁ። መሃሉን ቆርጬ አንድ ተኩል አወጣለትና እበይደዋለሁ። ሞርጄ ቀለም ከቀባሁት እናቱም አታውቀው። ግማሽ ሰዓት።"

"በይድልኝ" አለች እትዬ።

"አይሆንም" አልኩ። "የፍሬን ዘንግ አይበየድም። ዛሬ ይይዛል፣ ነገም ይይዛል፤ ከዓመት በኋላ ቁልቁለት ላይ ይለቃል።"

"ቅዳሜ ቁልፍ የምትመልሰው አንተ ነህ እንዴ?"

"ቁልቁለቱ ላይ የምቀመጠውም እኔ አይደለሁም።"

በክራንቿ መሬቱን መታች። የሚቀጥለውን ስድብ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወደ በያጁ ዞራ በሥራ ድምጿ፣ "ከዚያው ብረት የተረፈ አለህ?" አለች።

"ሁለት ቁራጭ።"

"ጥርስ ማውጫስ?"

"አለ። የደነዘ ነው እንጂ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ከሩብ" አልኩ።

"እና ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?"

የመጀመሪያውን ቁራጭ አበላሸሁት። ማውጫውን አጣምሜ ጀምሬ ነበር፤ አምስተኛው ዙር ላይ ጥርሱ ተላጠ። እትዬ ቁራጩን ከእጄ ወስዳ አየችው። "ቸኮልክ" አለች። "መቀስም ሲደነዝዝ በጉልበት አይገፋም። ቀስ ብለህ፣ መለስ እያልክ።" ሣጥን ላይ ተቀምጣ የዘይቱን ጣሳ ያዘች። ግማሽ ዙር አዞራለሁ፣ ሩብ እመልሳለሁ፣ እሷ ጠብ ታደርጋለች። በያጁ ብረቱ እንዳይዞር ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሌላ ቁራጭ እንደሌለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ጥርሱ አራት ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከአሮጌ መኪና የተረፈ፣ ፔዳሉን የሚይዝ፣ ውስጡ የብሎን ጥርስ ያለው ሹካ ጫፉ ላይ ስናዞረው ያለ ጉልበት ገባ። ሌላኛውን ጫፍ በያጁ እንደ ፊተኛው ጠፍጥፎ በሳው።

በዚህ ጊዜ ቁጥር አልጠራንም። እትዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እጇን እንደሚመቻት እጀታው ላይ አሳረፈች፣ እኔ ፔዳሉ ጨርሶ እስኪነሳ ሹካውን አዞርኩና በሌላ ብሎን ቆለፍኩት። ማብሪያውንም ወደ ቦታው መለስኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያንኑ መንገድ ደግመን ወጣን። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። አራቱንም ቸርኬ በየተራ መዳፌን ሙሉ አሳረፍኩባቸው።

"እንዴት ነው፣ ትኩሳት አለባት?" አለች በመስኮቱ።

"የለባትም።"

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ወጣት ሴት ነበረች። ከመኪናዋ ሥር ገብታ ዘንጉን በባትሪ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸችው፤ መሃሉን በጥፍሯ ቧጨረችው።

"ብየዳ የለውም" አለች፤ ለራሷ ይመስላል።

"የለውም" አልኩ።

ከዚያ እትዬን ብቻዋን አስነዳቻት። ፈጥነሽ ነድተሽ በድንገት ያዢ አለቻት። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ በነጩ መስመር ላይ ቀጥ አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት፤ ሦስቴም ያው ሆነ። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሲያርፍ እትዬ አላመሰገነችም፣ አልሳቀችምም። ወረቀቱን አንብባ ጨርሳ አጠፈችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከጎኗ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ገና ልንነሳ ስንል አንድ የምርመራ ግቢው ሠራተኛ ከፊታችን አለፈ፤ ሳላውቀው ቀኝ እግሬ ፍሬን የሚይዝ ይመስል ወለሉን ረገጠ። አየችው።

"ውረድ።"

"ምን?"

"ወለሉን ስትረግጠው ትናንትም ሳይህ ነበር። ልፈርም ነው የምሄደው፤ አንተን ይዤ ከሄድኩ አከራዩንም አንተ ነህ የምታናግረው። ውረድ፣ ወንድሜ።"

ወረድኩ። ግራ እጇ መሪው ላይ ወጣ፣ ቀኝዋ ማርሹን አስገባ፣ ግራዋ ወደ እጀታው ተመለሰ። በሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ቆመች፤ ከዚያ ከሚጎርፉት መኪኖች መካከል ገባች። ብርቱካናማ ስለሆነች እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ ትታየኝ ነበር።

የግቢው በር ዘበኛ አጠገቤ መጣ። "አባቴ፣ ጥለውዎት ሄዱ እንዴ?"

"አዎ" አልኩት። "ጥላኝ ሄደች።"

"ታዲያ ምን ያስቅዎታል?"