ኩፍኝ ያለበት ፍሪጅ

እህቴ ኡሙሰልማ የሕፃናት ሐኪም ሆና ባሕር ዳር ስትመለስ አባታችን ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ «ልጄ ዶክተር ናት» እያሉ ሰፈራችንን ግሽ ዓባይን አደነቆሩ። ቀጥለው ከጨርቅ ሱቃቸው በላምባ የሚሠራውን ፍሪጅ አውጥተው ለእሷ ክሊኒክ ሰጡ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መብራት ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲያኮርፍ ይሄዳል፣ ክትባት ደግሞ ያለ ቅዝቃዜ አይሆንም። አባባ ሙሀመድሰዒድ ለጋስ ናቸው፤ ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው።

ፍሪጁ ሱቅ ውስጥ ሳለ የሰፈሩ ሁሉ ነበር። ወደ ክሊኒኩ ሲዛወር የሰው ዕቃ አብሮት ተዛወረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢራውን፣ ጎረቤት ቅቤዋን፣ አባባ ደግሞ ከጣና የመጣላቸውን ዓሣ ያስቀምጡበታል። ነርሷ ፀሐይወርቅ ሁሉንም እየሳቀች ትከፍታለች። ምን ታድርግ? ሰው ደጅሽ ድረስ መጥቶ «ይቺን አስቀምጭልኝ» ሲል እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ታዲያ በዓመቱ ጉድ ፈላ። ኡሙሰልማ የከተበቻቸው ልጆች በኩፍኝ ታመሙ። ነገር የማይጠፋበት ገበያችንም «የዶክተሯ መርፌ ውሃ ነው» አለ። እህቴን ምግብ አስጠላት።

አዲሱ ዓመት እንደገባ ኩፍኝ ቆላ ድባ መግባቱ ተሰማ። የቆላ ድባ እህል በየሳምንቱ ሐይቁን ተሻግሮ ይመጣል፣ ኩፍኝ ደግሞ ለጀልባ ትኬት አይቆርጥም። ልጄ ሙሀመድአወል ገና ዘጠኝ ወሩ ነው፤ ለክትባት የደረሰ፣ ለበሽታውም የደረሰ። ፈራሁ፤ እንቅልፍ አጣሁ።

እህቴ ከልጅነቷም ግትር ናት። ሙቀት መለኪያ ከብልቃጦቹ መሐል አስገብታ፣ በርጩማ ስባ ፍሪጁ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ማታ ቤቴ መጣች።

«ዘይነት፣ ክትባቱ ሞቷል።»

«መድኃኒት ደግሞ ይሞታል እንዴ?»

«ሕያው ነዋ! ውስጡ የደከመ ኩፍኝ አለ። ሲሞቀው ይሞታል፤ ከሞተ የልጁን ገላ በሽታውን መመከት አያስተምረውም። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚውል፤ ዛሬ ከቅቤው ጋር አብሮ ሊቀልጥ ነበር።»

«ቆልፊበት።»

«ቁልፉን ማን ይያዝ? ፀሐይወርቅ?»

ሁለታችንም ሳቅን።

አዲስ ክትባት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ በበረዶ ታሽጎ በደረሰ ዕለት ኡሙሰልማ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ጮኸች፤ «ሰዎች! ፍሪጁ ውስጥ ኩፍኝ አለ!» እኛ አገር ኩፍኝ ያለበት ቤት እንግዳ አይገባም፤ ደጁ ይዘጋል፣ ልጁም ከሰው ዓይን ይሸሸጋል። እኩለ ቀን ሳይሆን ፍሪጁ ተራቆተ። ሊቀመንበሩ አብዮተኛ ነኝ ባይ ቢሆንም ለቢራው ሰው ላከ እንጂ ራሱ አልመጣም። ሙቀት መለኪያው አደብ ገዛ።

በክትባቱ ቀን ግን አንዲትም እናት አልመጣችም። እኔም አልሄድኩም። ኡሙሰልማ እየተንቀለቀለች አባባ ሱቅ ድረስ መጣችብኝ።

«አንቺም? የገዛ እህቴ?»

«ኩፍኝ ነው ያልሽ አንቺው! ልጄን ኩፍኝ ላስወጋው?»

«የደከመ ነው አልሁሽ!»

«የደከመ ጅብም ጅብ ነው!»

ጥግ ላይ ጨርቅ ይለኩ የነበሩት አባባ ሜትሩን አስቀመጡ።

«ኡሙሰልማ፣ አምና የታመሙት ልጆች በኔ ዓሣ ነው?»

እህቴ ልትዋሽላቸው ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን እዋሽላቸው ነበር።

«የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ አባባ። ግን አዎ።»

አባታችን ዝግ ብለው «ምን ላድርግ?» አሏት።

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።»

ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ክብ ጠባሳ አለ። ወረታ ልጅ ሳሉ ፈንጣጣ ሲመጣ እናታቸው ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት አስወስዳ አስከትባቸው ነበር። ትንሽ ታመሙ፤ ትልቁ ሲመጣ አልነካቸውም። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ከእህቴ ብልቃጥ ጋር ግን አንድም ቀን አላገናኘሁትም።

«ያው ነው፣ ዘይነት» አለችኝ። «ከዚያም እጅግ የደከመ።»

ያዘልኩትን ሙሀመድአወልን ከጀርባዬ ፈትቼ አቀበልኳት። ክሊኒኩ ሄደን ሲወጋ እሪ አለ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አባባን ማን ይያዛቸው! ሱቃቸውን ዘግተው፣ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው ደጅ ለደጅ ዞሩ። ወደቡ ወርደው ጀልባ ለሚጠብቁ እናቶች ክንዳቸውን አሳዩ። አምና ልጆቻቸው ወደታመሙባቸው ቤቶች ሲሄዱ ግን መጀመሪያ ይቅርታ ይለምኑ ነበር። ያን ሳምንት የክሊኒኩ ሰልፍ መንገድ ዘጋ።

ኩፍኝ እንደፈራነው መጣ። እኛ ሰፈር ግን ደጁን የዘጋ ቤት አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ኡሙሰልማ ክትባት እንዴት እንደሚበላሽ ያጠናችውን አዲስ አበባ ላይ ለታላላቅ ሐኪሞች አቀረበች። እኔ፣ አባባና ሙሀመድአወል ፊት ተቀመጥን። «በአንድ ከተማ፣ የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ዓሣ ተገኝቶ...» ስትል አባባ ብድግ አሉ።

«ዓሣው የኔ ነበር!»

አዳራሹ ወደ እሳቸው ዞረ። አባባ ግን አላፈሩም፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠባሳቸውን ለፕሮፌሰሮቹ አሳዩ። አያቱ ያደረጉትን ሁሉ የሚያደርገው ሙሀመድአወልም ወንበሩ ላይ ቆሞ የራሱን እጅጌ ሰበሰበ።

የእህቴ መርፌ ያረፈበት ክንዱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።