የካርዱ ጀርባ

አሶሳ ላይ በሰው ፊት የተሰጠ ነገር ፍሬም ውስጥ ይገባል። የምስጋና ወረቀትም ይሁን የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ወርቃማ ጠርዝ ባለው መስታወት ታሽጎ ግድግዳ ላይ ካልወጣ ሰጪው የሰጠ፣ ተቀባዩም የተቀበለ አይመስለውም። ስለዚህ የከተማው እናቶች አዋላጇን ሲስተር ኮከብን በጡረታ ሲሸኙ፣ አዋጥተው የገዙላትን የስጦታ ካርድ ፎቶ ቤት ወስደው ፍሬም አስገቡት። እንዴትስ አያስገቡት? ግማሹን ከተማ በእጇ የተቀበለችን ሴት፣ መታወቂያ የምታክል ፕላስቲክ አስጨብጠው ሊሸኟት ነው?

ካርዱ የይገረም ሱፐርማርኬት ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ተከፍሎበታል። ብሩን ከቤት ቤት እየዞረች የሰበሰበችው ሃዋ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎ የምትሸጥ፣ ልጆቿን በሙሉ ሲስተር ኮከብ ያዋለደቻት የበርታ ሴት። ከየአምባው የሰፋሪ ሚስቶች እህል ሽጠው አመጡ። ሌላዋ የልጇን ጫማ ለሚቀጥለው ወር አስተላልፋ ሰጠች። ባለሱቁ ይገረም ብሩን በገዛ እጁ ቆጥሮ ተቀበለና፣ «ጎበዞች! የፈለገችውን ትመርጥበታለች» አላቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሲስተር ኮከብ ፍሬሙን ከሠርግ ፎቶዋ ጎን ሰቀለችው። በመስታወቱ ውስጥ፣ አበባ የከበበው «ከምስጋና ጋር» የሚል ጽሑፍ ይታያል። እንግዳ በገባ ቁጥር ታሳያለች። ስጦታን በማግስቱ ሮጦ መመንዘር ነውር ነው፤ ያደገችው እንዲያ ሲባል ነው። ደግሞም የምታውልበት ነገር አላት። ልጇ ሳሌም ኩርሙክ ከተማ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስትወልድ፣ ለአራስ ጥየቃ የምትይዘውን ሁሉ በዚያ ካርድ ትገዛለች፦ ብርድ ልብስ፣ የሕፃን ፍራሽ፣ አጎበር፣ ትልቅ ፔርሙዝ። ጡረታዋ ይህን አይችልም። ሳሌምም ስለ ካርዱ ታውቃለች፤ ለአማቷ ሳይቀር «እናቴ ስትመጣ ታያላችሁ» እያለች ጉራዋን ነዝታለች።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ሳሌም በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ነው። ሲስተር ኮከብ እልልታዋን ሳትጨርስ ፍሬሙን ከግድግዳው አወረደች። የጀርባው ማሸጊያ በጥፍር አልላቀቅ ቢላት ከነመስታወቱ አቅፋው ወጣች። ሰው መንገድ ላይ «ሲስተር፣ የማን ፎቶ ነው?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷ ትስቃለች።

ሱቁ ውስጥ ጊዜዋን ወስዳ መረጠች። ብርድ ልብሱን ጉንጯ ላይ አድርጋ ልስላሴውን ሞከረች። ገንዘብ ተቀባይዋ ቤዚ በካርቶን መቁረጫ ምላጭ ማሸጊያውን ቀድዳ ካርዱን አወጣችና ማሽኑ ላይ አሳለፈችው። ደግማ አሳለፈችው። ከዚያ ገልብጣ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሲስተር… ጊዜው አልፏል።»

«የምን ጊዜ?»

ቤዚ የካርዱን ጀርባ አሳየቻት። ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ ሲስተር ኮከብ መነጽሯን ማውጣት ነበረባት። «ይህ ካርድ ከተሸጠበት ዕለት ጀምሮ ለስድስት ወር ብቻ ያገለግላል። ያልተጠቀሙበት ሒሳብ ተመላሽ አይደረግም።» ስድስት ወሩ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ምስጋናውን በአበባ ከፊት፣ ቅሚያውን በጉንዳን ፊደል ከኋላ! የኋላውን ደግሞ ፎቶ ቤቱ በካርቶን ለጥፎበታል። ማን ያየዋል?

መጀመሪያ የተሰማት እፍረት ነበር። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ዕቃው ባንኮው ላይ ተቆልሏል። ያልከፈለች ሰው መሰለች። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል፦ የተወሰደባት እሷ ሆና ያፈረችውም እሷ!

ይገረም ከውስጥ ወጣ። ክፉ ፊት የለውም፤ ፈገግታው እንደ ሱቁ መብራት ቀኑን ሙሉ አይጠፋም።

«ሲስተር፣ እንኳን ደህና መጡ! ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ? ሲስተሙ ራሱ ነው የሚዘጋው፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ብሩ የት ሄደ?» አለች።

«ይቅርታ?»

«ሴቶቹ የከፈሉህ ብር። እነ ሃዋ ይዘውት የመጡት። ሲስተሙ አቃጠለው?»

«እሱማ… ወደ ገቢ ዞሯል። የሒሳብ አሠራር ነው።»

«ብሩ ካንተ ጋ ነው። ብርድ ልብሱም ይኸው ካንተ ጋ ነው። ታዲያ ጊዜው ያለፈው የማን ነው? የእኔ ብቻ ነው?»

«ሲስተር፣ እርስዎ የጤና ባለሙያ ነዎት። መድኃኒትስ ቢሆን ጊዜው ያልፍበት የለ?»

ይህን ማለት አልነበረበትም። ሲስተር ኮከብ መነጽሯን አወለቀች።

«መድኃኒት የሚጣለው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ጊዜው ሲያልፍ እኛ እናስወግደዋለን እንጂ ወስደን ኪሳችን አንከተውም። የእናቶች ብር ስድስት ወር ሲሞላው ማንን ይጎዳል? ንገረኝ! ማንን መረዘ?»

ሰልፈኛው አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ይገረም ዙሪያውን አየና ድምፁን አለዘበ።

«እሺ፣ ለእርስዎ ሲባል… ብርድ ልብሱን ከእኔ በስጦታ ይውሰዱ። ቤዚ፣ ስልኬን አምጪ! አንድ ፎቶ እንነሳና ፔጃችን ላይ እናወጣዋለን። ሱቃችን ለባለውለታችን አበረከተ ብለን።»

«የራሴን ነው የምታበረክትልኝ?» አለች ሲስተር ኮከብ። ብርድ ልብሱን አጥፋ ባንኮው ላይ መለሰችው። ካርዱንና ፍሬሙን ይዛ ወጣች።

ሃዋ ከማንጎ ዳሷ ሥር ሆና ከሩቅ አየቻትና በሰባራ አማርኛዋ ጠራቻት።

«ሲስተር! አንተ ምን ሆነ? ዕቃ የታለ?»

ነገረቻት። ሃዋ ለመረዳት ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ የአማርኛው ነገር አይደለም፣ ነገሩ ራሱ አልገባ ብሏት ነው።

«ወላሂ ሃራም ነው! እኛ ሃዲያ ሰጠ፣ ስጦታ። ስጦታ እንዴት ይሞታል? ሰውዬው ብር በላ፣ ዕቃም ያዘ?» ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች። «አንተ እዚህ ቁጭ በል። እኔ አሁን ቤት ለቤት ይሄዳል። ሴቶቹ ድጋሚ ያዋጣል።»

«አይሆንም!» አለች ሲስተር ኮከብ። እንዲህ ጮኻ አታውቅም። «አንድ ስጦታ ሁለቴ አትከፍሉም። ባዶ እጄን እሄዳለሁ።»

«ለአራስ?»

«ለአራስ።»

ከዚያ ካርዱን ወደ ፍሬሙ መለሰችው፤ አሁን ግን አበባውን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ መስታወቱ አድርጋ። ለሃዋ ሰጠቻት። ሃዋ ፊደል ባትቆጥርም ምን እንደምታደርግበት የሚነግራት አላስፈለጋትም። የማንጎ ዳሷ ምሰሶ ላይ ሚስማር መታችና ሰቀለችው።

በማግስቱ ሲስተር ኮከብ የኩርሙኩን መኪና ተሳፈረች። የያዘችው ከቤቷ የተገኘ የአጥሚት እህልና የራሷ አሮጌ ጋቢ ነው። ሳሌም አቅፋት አለቀሰች። አማቷ ወይዘሮ ሰገነትም ጨዋ ናቸው፤ በክብር ተቀበሏት። ዓይናቸው ብቻ መጀመሪያ ወደ እጇ፣ ቀጥሎ ወደ መኪናው ፖርቶ መጋላ ሄዶ ተመለሰ። ያቺ አንድ እይታ ሲስተር ኮከብን ከመንገዱ ኮረኮንች በላይ አደቀቀቻት። ሕፃኑን በአሮጌው ጋቢ ጠቀለለችው።

ክርስትናው አልፎ አሶሳ ስትመለስ፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ይገረም በሯን አንኳኳ። ሁለት ልጆች ካርቶን ተሸክመውለታል፦ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ አጎበር፣ ፔርሙዝ። ፈገግታው የለም።

«ሲስተር፣ ሙሉውን አምጥቻለሁ። ፎቶም የለም። ብቻ ያቺን ሴት ፍሬሙን አውርጂ ይበሉልኝ። ማንጎ የገዛውን ሁሉ ‹አንብብልኝ› ትላለች። መናኸሪያ ነው፤ ከባምባሲ የመጣው፣ ወደ ቶንጎ የሚሄደው፣ ሁሉም እያነበበላት ነው። ሰው ሱቄን እያለፈ ሄደ።»

«እንደ እኔ ካርድ ይዘው የቀሩት ሌሎቹስ? የእነሱን ትመልሳለህ?»

«እሱ… ሲስተሙ…»

ሲስተር ኮከብ ካርቶኖቹን አየች። ብርድ ልብሱ ያው ራሱ ነው፣ ሰማያዊው።

«ልጄ ከአራስ ቤት ወጥታለች» አለች ቀስ ብላ። «ጊዜው አልፏል። ፍሬሙ ደግሞ የእኔ አይደለም። ብሩን የሰበሰበችው ሃዋ ናት፤ እሷን ጠይቅ።»

ነጠላዋን ደርባ አብራው ወረደች። ዳሱ ሥር የኩርሙክ ተሳፋሪዎች ማንጎ ይመርጣሉ። ይገረም ጎንበስ ብሎ ፍሬሙን እንድታወርድለት ሃዋን ለመናት። ሃዋ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እሺ ወንድሜ። እኔ ፊደል አያውቅም። መጀመሪያ አንብብልኝ።»

«ምን እንደሚል ታውቂ የለ…»

«አንብብ።»

ተሳፋሪዎቹ ዞሩ። ይገረም ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። «ይህ ካርድ… ከተሸጠበት ዕለት ጀምሮ…»

«ድምፅ ከፍ አርግ። ሰው ይስማ።»

«…ያልተጠቀሙበት ሒሳብ… ተመላሽ አይደረግም።»

«ገባኝ» አለች ሃዋ፣ ማንጎዋን እየደረደረች። «አሁን ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ንገረኝ።»

ይገረም አፉን ከፈተ። ዘጋው። ግንባሩ በላብ ራሰ፤ ደግሞ ከፈተው። ወደ ሲስተር ኮከብ ዞሮ በዓይኑ ለመናት።

ሲስተር ኮከብ በዕድሜዋ ሰው ሲያምጥ ዝም ብላ ቆማ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።