እማዬ ወደቀች የሚለው ቁልፍ

ስልኬ ክፍል ውስጥ ሲጮኽ ተማሪዎቼ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። «ቲቸር፣ እማማ ወደቁ!» ይላል ከኋላ ወንበር አንዱ፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ጠመኔዬን ጥዬ ወደ ኮሪደር እሮጣለሁ። ዲላ ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ዓመት ግን ተማሪዎቼ ከስምጥ ሸለቆ ይልቅ ስለ እናቴ አወዳደቅ ብዙ ሳይማሩ አልቀሩም። ስሜን አመለወርቅ ብሎ ያወጣው አባቴ ነው፣ አመሌን ሳያይ።

እናቴ አሰገደች ለዲላ ቅርብ በሆነችው ወናጎ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ግቢዋ ከዋናው መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ ቤቱ፣ ከታች እንሰቱና ቡናው። ባለፈው ክረምት እንሰቱ ስር አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰበረ። መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤቷ ሀዲጃ «ዛሬ እማማ ምነው ጠፉ?» ብላ ባትወርድ ኖሮ እዚያው ጭቃ ላይ ታድር ነበር። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እንድርያስ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ አንቺ ጋ ዲላ ትግባ» አለ።

«ሬሳዬ ይግባ» አለች እሷ።

በዚህ መሃል ነው እንድርያስ ያንን ቁልፍ ከዱባይ በሰው ያስመጣው። የክብሪት ቀፎ የሚያክል ነገር ነው፤ በጥቁር ገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ሆዱ ውስጥ ሲም ካርድ አለው። ሲጫኑት ለእኔ ይደውላል። መጫን ባትችል እንኳ፣ ያደረገው ሰው ከወደቀ በራሱ አውቆ ይደውላል። እኔ ካላነሳሁ ወደ እንድርያስ ይሄዳል። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ቁልፉን ካደረገች ቤቷ ትቆያለች፤ አንዴ ከወደቀች ግን ጓዟን ጠቅልላ ዲላ ትገባለች። እማዬ ያለ ምንም ጭቅጭቅ እሺ አለች። እናቴ ያለ ጭቅጭቅ እሺ ያለችበት ሌላ ነገር አላውቅም።

ከዚያ መከራዬ ጀመረ። ይህ የተባለለት መሣሪያ በመውደቅና በመጸለይ መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም! እናቴ ደግሞ ስትጸልይ እንደ ሰው ቀስ ብላ አትንበረከክም፤ እንደ ተጣለ ጆንያ ዱብ ነው የምትለው። «ጌታ ሆይ» ከማለቷ የእኔ ስልክ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉን በትኜ፣ ርእሰ መምህሩን ለምኜ፣ ልቤ በአፌ ሊወጣ እያለ ሚኒባስ ተሳፍሬ ስደርስ፣ እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ምነው፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ትለኛለች።

«ወደቀች ብሎኝ ነው እንጂ!»

«ማን?»

«ቁልፉ!»

«ውሸታም ነው» ትላለች፤ ጎመኗን ትቀጥላለች።

የገመዱም ጣጣ ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ክታብ የሚቃጠል ነገር ነው። እማዬ ጌታን የተቀበለች ጊዜ የእናቷን ክታብ ጉባኤ ፊት እሳት ውስጥ የጣለች ሴት ናት፤ ይህንኑ ታሪክ ዛሬም ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች። እና ወንጌላዊ ገመቹ አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ ጥቁሩን ገመድ አየ።

«እማማ አሰገደች፣ ይሄ አንገትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከመውደቅ የሚጠብቅ ነው» አለችው።

እስቲ አሁን ይህ መልስ ነው? ሰውየው ደንግጦ በዚያው ተነስቶ ጸለየላት። እኔ ሄጄ ስልክ መሆኑን፣ ቻርጅ የሚደረግ መሆኑን ሳስረዳ ዋልኩ። እሷ ደግሞ ሰው እንዳያየው ብላ ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ሰፋችው። ሳየው ራሴን ያዝኩ።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ጭራሽ ክታብ አደረግሽው!»

«ያመጣችሁብኝ እናንተ፣ የምትቆጪው አንቺ» አለችኝ።

ይባስ ብሎ ያን ጊዜ ቁልፉ አፍ ነበረው። ሲደውል፣ እኔና እሷ መነጋገር እስኪያቅተን፣ በእንግሊዝኛ «ሰው ወድቋል፣ እርዱ» እያለ ይለፈልፋል። አንድ እሑድ ጉባኤው ሁሉ ተንበርክኮ ሲጸልይ ከእናቴ ደረት ውስጥ ባዕድ ቋንቋ ወጣ። ከጎኗ የነበረችው ሴት መንፈስ የወረደ መስሏት «ሃሌ ሉያ!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ከኋላዋ ያሉትም ተከተሏት። እማዬ እንዲህ ዓይነት ውርደት አይታ አታውቅም። በነጋታው ራሷ ደወለችልኝ፦ «አፉን ዝጉልኝ፤ አለዚያ ሽንት ቤት ነው የምጨምረው።»

ዲላ ሞባይል የሚጠግነው ሳዳም ጋ ወሰድኩት። እንዲህም እንዲያም ነካክቶ ድምፁን አጠፋው። «አንቺ እሷን ትሰሚያታለሽ፣ እሷ ግን አንቺን አትሰማም» አለኝ። ለእማዬ አፉ ተዘግቷል አልኳት፤ ደስ አላት። ስለ ጆሮው እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲያ ሲደወል አነሳለሁ፤ በጌዴኦኛ «ጌታ ሆይ» ስትል ስሰማ ጥርሴን ነክሼ እዘጋለሁ። አንድ ረቡዕ ግን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ሻይ እንደያዝኩ ስልኩ ጮኸ። አንድ እጄ ሻይ፣ ሌላው የፈተና ወረቀት ይዞ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ሳልዘጋው ቀረሁ። እናም ስሜን ሰማሁ።

«ጌታ ሆይ፣ የአመለወርቅን ቁጣ አብርድላት። ልጅ ሳለች እንዲህ አልነበረችም» ትላለች እናቴ። ነበርኩ እኮ! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። እሷ ቀጠለች። «ትናንትም እንሰቱ ስር ወደቅሁ፤ ያነሳኸኝ አንተ ነህ። ባለፈው ሳምንትም ያነሳኸኝ አንተ ነህ። ያንን ነገር በር ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅዬ እንደምወርድ ታውቃለህ። ልጆቼን አታለልኩ፤ ይቅር በለኝ። ግን ከዚህ ቤት አታስወጣኝ። ዲላ ከገባሁ ተቀምጬ ነው የምሞተው። ጉልበቴን አጽናልኝ፤ ካልሆነም ማንም ሳያየኝ ጣለኝ።»

ሻዩ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያ መሣሪያ ያልወደቀችውን ሁሉ እየነገረ ሲያሯሩጠኝ ኖሮ፣ የወደቀች ጊዜ ለካ ሚስማር ላይ ነው! ቤት ውስጥ የምታደርገው፣ ወደ እንሰቱ ስትወርድ የምታወልቀው፣ አንገቷ ላይ አይተን ዝም እንድንል ነበር። ምሳ ሳልበላ ወናጎ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ «ጉልበትሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

ቀሚሷን ራሴ ገለጥኩት። ጉልበቷ አብጦ ጠቁሯል፤ አንድ ጎኑ ተልጦ ቅባት ተቀብቷል። ቀሚሷን ከእጄ ነጥቃ ሸፈነችው።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ የነገርኩት ለጌታ ነው።»

«ቁልፉ ደግሞ ለእኔ ነገረኝ። አፉ ነው እንጂ የተዘጋው ጆሮው አልተዘጋም።»

ነገሩ ገባት። ከዚያ ገመዱን ከአንገቷ ላይ በጥሳ መደቡ ላይ ወረወረችው። «ጸሎቴን? ጸሎቴን ታዳምጫለሽ?» አለች። «አባትሽ እንኳ እኔ ስጸልይ ከቤት ይወጣ ነበር።»

አፈርኩ፤ ቁጣዬ ግን ከእፍረቴ በለጠ። «ማንም ሳያየኝ ጣለኝ ተብሎ ይጸለያል? ማን ነው የሚያገኝሽ ታዲያ? እኔ ነኝ እኮ! እኔ ነኝ እዚያ ጭቃ ውስጥ ደርቀሽ የማገኝሽ! ይህን እያሰብኩ ነው የማድረው፤ ይህን እያሰብኩ ነው የማስተምረው፤ ፈርቼ ነው የምቆጣው፣ ገባሽ?» አልኩና አለቀስኩ። ማልቀሴ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

እማዬ አላባበለችኝም። «እዚህ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁም» አለች ወደ እንሰቱ እያየች። «እዚያ አንዴ ከተቀመጥኩ ግን አልነሳም።»

ይህን እንዳለች ስልኬ ጮኸ። እንድርያስ ነው፤ የዘወትር ጥያቄውን ሊጠይቅ። «እንዴት ናት? ወደቀች እንዴ?»

እናቴ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም፤ ልጅ እናቱን ሲለማመጥ እንደሚያየው ነው። አዎ ብል እሑድ መኪና ይዞ ይመጣል።

«አይ» አልኩ። «ጸሎት ላይ ነበረች።»

ስልኩን ዘግቼ ቁልፉን ከመደቡ ላይ አነሳሁ፣ ቆዳውን ቀደድኩት፣ የተበጠሰውን ገመድ ቋጠርኩት። «ስትጸልዪ አውልቂው። የአንቺና የጌታ ጉዳይ ነው፣ አልሰማም። ወደ እንሰቱ ስትወርጂ ግን ታደርጊዋለሽ።»

«ከወደቅሁስ?»

«ከወደቅሽ እመጣለሁ።»

«ከዚያስ? ዲላ?»

«እመጣለሁ ነው ያልኩሽ!»

ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልበላሁም ስል እሷ በተራዋ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ስልኬ ጸጥ አለ። ሳምንታት አለፉ። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ቅር አላቸው፤ «ቲቸር፣ እማማ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። ይገላግለኛል ያልኩት ዝምታ ከጩኸቱ የባሰ ሆነ። መቼም ያ ነገር ተመልሶ ሚስማሩ ላይ ወጥቷል፣ አንዴ አታልላኛለች፣ ሁለተኛ የማታታልለኝ ለምንድን ነው እያልኩ እንገበገባለሁ። ጠዋት ጠዋት ስደውልላት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ደህና ነኝ ማለቷም ያናድደኛል።

የዝናቡ ወራት በገባ ሰሞን ሰሌዳው ላይ ካርታ እየሳልኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ዝም አሰኘሁትና አነሳሁ። «ጌታ ሆይ» የሚል የለም። ዝናብ ነው የሚሰማው፣ ሰፊ ቅጠል ላይ የሚወርድ ዝናብ፤ ከዚያ ከባድ ትንፋሽ።

«አመለወርቅ» አለች እናቴ። «ጆሮው አልተዘጋም ብለሻል፤ እንግዲህ ስሚኝ። ወድቄአለሁ። እንሰቱ ስር ነኝ። የተሰበረ ነገር ያለኝ አልመሰለኝም፣ ግን መነሳት አቃተኝ። ሀዲጃን ላኪልኝ። ለእንድርያስ አትንገሪ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ነይ። ሳትቆጪ ነይ።»

«እሺ! አልቆጣም! እሺ እማዬ!» ብዬ ክፍሉ ሙሉ ጮህኩ። አንድም ተማሪ አልሳቀም። ድምፄ እንደማይደርሳት ትዝ ያለኝ በሩ ላይ ስደርስ ነው፤ ወደ ሀዲጃ እየደወልኩ ሮጥኩ።