ጌታነህ የሰጠው ቀለም

ፎቶ አንሺው ጌታነህ ካረፈ በኋላ ሚስቱ ፋና በሶዶ ከተማ ያለውን ስቱዲዮአቸውን ብቻዋን ከፈተች። እሱ ፋይሎቹን የሚያደራጀው ራሱ መርጦ በጫነው ፕሮግራም ነበር፤ እሷን ግን አስቸገራት። ኮምፒውተር ጠጋኙን ጃዕፈርን ጠራችው።

"ይሄን ላጥፋውና ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ሥሪ፤ ይቀልሻል። ፎቶዎቹ አይነኩም" አላት።

ፈቀደች። ፎቶዎቹ አልተነኩም። ጌታነህ በፕሮግራሙ ለየፎልደሩ የሰጠው ቀለም ግን ጠፋ። በስሟ የከፈተላት ቀይ ፎልደር እንደሌሎቹ ቢጫ ሆነ።

"ቀዩ የት ሄደ?"

"ፕሮግራሙን መልሼ እጭናለሁ፤ ቀለሙ ግን አይመለስም" አላት አንገቱን ደፍቶ።

"ተወው፤ እኔ የእሱን እጅ ነው የፈለግሁት" አለች።

ከቢጠና የመጡ ሙሽሮች የሰርግ ፎቷቸውን ጠየቋት። በአዲሱ ፕሮግራም ወዲያው አገኘችላቸው። ሲወጡ በሩን ዘግታ አለቀሰች።