የአባቷ አድራሻ በስልሳ ሁለት ፋይሎች

አባትና ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ክፍል ይሠሩ ነበር። አባት የመሥሪያ ቤቱን ስልሳ ሁለት ሰርቨሮች፣ ማለትም ዋና ኮምፒውተሮች፣ ሲጠብቅ ሃያ ዓመት የኖረ ባለሙያ ነው። አንድ ቃል ይቀየር ከተባለ ስልሳ ሁለቱም ላይ በየተራ ገብቶ፣ ፋይሉን ከፍቶ፣ በእጁ ቀይሮ፣ ሁለቴ አንብቦ ይዘጋል። ሥራው ሳምንት ይፈጃል፤ ከጥድፊያ ጋር ትውውቅ አልነበረውም።

ልጅት ደግሞ ያንኑ ቃል አንዴ ጽፋ ለሁሉም የምታዳርስበትን ፕሮግራም አመጣች። ማምጣቷስ ባልከፋ። የልጅነት ነገር ሆነባትና በስብሰባ መሀል፣ አለቃው ፊት፣ የአባቷን የሳምንት ሥራ በሁለት ደቂቃ ጨርሳ አሳየች። ሰው አጨበጨበ። አባት በወሩ ጡረታ ወጣና ሌላ ከተማ፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ገባ። ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እህቷ ናት፤ "ተኝቷል" ትላታለች፣ በጠራራ ፀሐይ።

እንዲህ አሥራ አራት ወር ሆነ። ናፈቃት። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ ካርቶን ትቆልልበታለች። የቀራት ነገር ቢኖር ሰርቨሮቹ ጠዋት ጠዋት የሚልኩት ሪፖርት እስካሁን ወደ አባቷ የግል ኢሜይል መሄዱ ነው። ያነበዋል ብላ አይደለም፤ አድራሻው ከፋይሎቹ ከወጣ ግን እሱም ከመሥሪያ ቤቱ ጨርሶ የወጣ ይመስላታል።

አለቃው ደረሰበትና በሷ አድራሻ እንዲተካ አዘዘ። ፕሮግራሙ የሚቀይራቸውን አስቀድሞ ዘረዘረላት፤ ስልሳ ሁለት ፋይሎች። አንዱ እንኳ ይቅርልኝ ብላ ከዝርዝሩ አወጣችው። አባቷ ጎደሎ ሥራ እንደማይወድ ትዝ ሲላት መለሰችው፤ ቁልፉንም ተጫነች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኳ ጠራ። አባቷ ነው።

"የጠዋቱ ሪፖርት ቀረብኝ" አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

አለቃው አዟት አድራሻውን እንደተካችው እየተንተባተበች ነገረችው። ፕሮግራሙ አንዱን እንኳ ስቶ እንደሆነ ጠየቃት። አንዱንም አልሳተም አለችው።

"ልመልሰው አባዬ? ሰርቨሮቹ አሳስበውህ ከሆነ እኔው በየቀኑ እልክልሃለሁ።"

"ሰርቨሮቹ ገደል ይግቡ" አላት። "ማን ሥራ እንደገባ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ይወጣ የለ? ስምሽን ሳይ፣ ልጄ ደህና አድራለች እል ነበር። ዛሬ ሲቀር አሟት ይሆን ብዬ ነው።"

ደህና ነኝ ልትለው ጀመረችና ተወችው።

"ደህና አይደለሁም አባዬ" አለችው። "ናፍቀኸኛል።"