ቀድሞ የተተከለ ድንኳን

ጠዋት ደባርቅ ገበያ አጠገብ ያልታወቁ ሰዎች ፈንጂ አፈነዱ። ገበያው ዳር ያለው ፎቅ ተደረመሰ፤ እዚያ የሚሠራው ልብስ ሰፊው ምስክርም ከነስፌት መኪናው ከሥር ቀረ። ከሰዓት በኋላ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ንፍሮው እየተቀቀለ ነበር። እኛ ሌላ ነገር ላይ እንዘገይ ይሆናል፤ ለቅሶ ላይ ግን አንታማም።

የአደጋ መከላከል ባለሙያው ያርጋል ከፍርስራሽ ሥር ሰው ስለመፈለግ ሠልጥኗል። ጎንደር፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ። ትልቁ ትምህርት አልጠፋውም፦ ሞተር ሁሉ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይደመጣል። እዚህ የሚጠፋ ሞተር አልነበረም። አልቃሿ እትዬ ጤናዬ ግን ነበሩ። ፍርስራሹ ጫፍ ላይ ቆመው ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ሕዝቡ ይቀበላል።

«እትዬ ጤናዬ፣ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ።»

«ዝም? የምስክር ጠላት ነኝ እንዴ ሬሳው ላይ ዝም የምል?»

«ሬሳ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ድንኳኑ ነዋ!»

ያርጋል ለክርክር ጉልበት አልነበረውም። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ሲያነሳ እጁ ተልጧል። የምስክር ሚስት የትናየት ብድግ አለች። ካላለቀሰች ነገ የሰፈሩ ሐሜት እንደማይለቃት ታውቃለች።

«ባሌ አልሞተም! ማልቀስ ያማረው ወደ ቤቱ!»

ጸጥ አለ። ከሥር ኳ... ኳ... የሚል ተሰማ።

«እልልልል!» ገበያው ተናወጠ። ኳኳታው ከየት እንደመጣ ሳይለይ ጠፋ። ሥልጠናው ስለ እልልታ ምንም አላለም።

ያርጋል መሬት ላይ ዘጭ አለ። የትናየት እየዞረች ሰዉን ሁሉ አፉን አስያዘች፤ የእትዬ ጤናዬን አፍ ግን በገዛ መዳፏ ከደነች።

«ምስክር!» ብላ ተጣራች።

«ከደረጃው ሥር ነኝ» አለ የታፈነ ድምፅ። «ለቅሶውን ሰምቻለሁ። ስለ ቁመቴ ያላችሁት ውሸት ነው።»

አንዱ ሳቁ አመለጠው።

«የፎቁ ዘበኛ ሕሩይም እዚሁ ነው» አለ ምስክር ቀስ ብሎ። ሕሩይ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም ነበር። «እናንተ ስታለቅሱ ሲጣራ ዋለ። ከእልልታው ትንሽ ቀደም ብሎ ዝም አለ።»

ማንም አላለቀሰም። እትዬ ጤናዬ ወገባቸውን በነጠላቸው አስረው ደረጃው ወደነበረበት ሄዱና የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሡ። ያርጋልም እንደምንም ተነሣ።