የአሳየሽ ላም

ዕጣ ሲወጣ ለፋና የደረሳት አገር ካርታ ላይ እንኳ የለም። መምህሩ ለዲፕሎማሲ ክርክር የፈጠሯት፣ አንድ ወደብ እንጂ ጦር የሌላት፣ በሁለት ጉልበተኞች መሀል የተሰነገች ሚጢጢ አገር ናት። ከክፍል ጓደኞቿ ሰሜኑ ጎረቤት ለተክለጻድቅ፣ ደቡቡ ለሔርሜላ ደረሰ። ክርክሩ እስኪያልቅ አገሯ ሳትዋጥ ከቆየች ፋና ሶዶ ያለውን ዩኒቨርሲቲዋን ወክላ አዲስ አበባ ትወዳደራለች። ከሶዶ ወዲያ ረግጣ ለማታውቅ የሁምቦ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠዋት ግን ጉድ ሠራች። መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ሉዓላዊነት ደነፋች፤ ሁለቱንም ወራሪ አለቻቸው። ተክለጻድቅ ፈገግ ብሎ ጦሩን ወደ ድንበር አስጠጋ። ሔርሜላም እሱ ሳይቀድመኝ ብላ የራሷን አስጠጋች። ለምሳ ሲወጡ የፋና አገር ልትዋጥ ምንም አልቀራት።

ሳሩ ላይ ተቀምጣ ስትበግን እናቷ አሳየሽ ደወለች። ላማችን ጋሽ ጦና ቤት ወለደች፣ ጥጃዋም ሴት ናት ብላ በወላይትኛ አበሰረቻት። ፋና ደስታው አልመጣላትም፤ ይህች ላም ድሮም ታበሳጫታለች። አባቷ ሲሞት ጠባቧ መሬታቸው በጦናና በአብርሃም ሰፋፊ ማሳዎች መሀል ቀረች፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ጥለውባት ነበር። እናቷ ደግሞ ያለቻቸውን አንዲት ላም ለጦና እንዲያረባት ሰጠችው፤ ወተቱ የእሱ፣ ጥጃው የጋራ። ኋላ የደረሳትን ጊደር በዚያው ውል ለአብርሃም ሰጠች። ቤታቸው ወተት ሲጠፋ ፋና በልቧ እናቴ ፈሪ ናት ትል ነበር።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። "እማ፣ ጋሽ አብርሃም ያን ጊዜ አጥሩን ሲገፋብን ማን ነበር ያስመለሰልን?"

"ጦና ነዋ። እኔ ከመሬቴ ከተነሣሁ ላሟም ከእሱ ግቢ ትነሣለች።"

ከሰዓት በኋላ ፋና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደቧን ለሁለቱም አቀረበች። ሰሜኑ ዕቃውን ያራግፍበት፣ ደቡቡ ያስተዳድረው፣ ገቢው ለሦስቱም ይሁን፤ አንዱ ወታደር ያስገባ ቀን ግን ወደቡ ለሁለቱም ይዘጋል። ሁለቱም ተስማሙ። ተክለጻድቅ ግን ልማዱ አልለቀው ብሎ ጦሩን ሊያንቀሳቅስ ሲል ሔርሜላ ከወንበሯ ተነሣች።

"ወደቡ የእኔም ነው፤ አገሪቱን አትነካትም" አለችው።

መምህሩ ሰዓት አልቋል አሉ። አገሪቱ እንደቆመች ናት።

ፋና ባጃጅ እየጠበቀች ደወለች። አዲስ አበባ ልትሄድ መሆኑን ስትሰማ እናቷ እልል አለች፤ ምን አድርገሽ አሸነፍሽ ብላም ጠየቀቻት።

"ላማችንን ሰጠኋቸው" አለች ፋና። ፈሪ ስትላት የኖረችውን እናቷን ያን ሰዓት አቅፋ መሳም አማራት። ከዚያ ስለ ወደቡ አስረዳቻት።

አሳየሽ በጥሞና ሰማች። "ጥጃው የጋራ ነው ብለሻቸዋል አይደል?" አለች።